የቀይዋ መኪናዬ ጉሮሮ

መኪና ያለው ወንድ ሁሉ ሙሉ ጤነኛ ነው ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ መኪና ያለው ወንድ አታውቁም ማለት ነው! ሚስቱ ራሴን አመመኝ ስትለው «ትንሽ ጋደም በይበት» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ የመኪናው ሞተር አንዴ ካስነጠሰ ግን ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ከሥሯ ይገባል። ራሴን ጨምሬ ነው የምላችሁ። እኔማ... እኔማ የባሰብኝ ነኝ።

ኑሮዬ ላሊበላ ነው፤ ሥራዬ እንግዳ ማስጎብኘት። መኪናዬ ትንሽ ናት፤ ቀይ። በጎንና በጎን አንድ አንድ በር፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር አላት። ቁመቷን አይታችሁ እንዳትንቋት! የሠሯት ሰዎች በቤት መኪና ገላ ላይ የእሽቅድድም ልብ የገጠሙላት ጉድ ናት። ወንበሯ ወገብን ጥርቅም አድርጎ ያቅፋል፤ ከኋላዋ ክንፍ ቢጤ አላት፤ ሜዳ ላይ ስትለቋት... ችግሩ፣ ላስታ ውስጥ ሜዳ ከየት አባቱ ይመጣል? ያለችን ሜዳ ያቺው አውሮፕላን ማረፊያው ያለባት ናት፤ እሷንም አውሮፕላን ቀድሞ ይዟታል!

ስለዚህ ኑሮዋ ዳገት ሆነ። ዳገት ላይ ደግሞ ታለከልካለች። አንድ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ ስወጣ ባጃጅ ቀደመችኝ። አዎ፣ ባጃጅ! ያውም ሰው ሞልታ፣ በላይዋ ከረጢት ጭና፣ በከረጢቱ ላይ ዶሮ አሳፍራ። ዶሮዋ አንገቷን በጎን አውጥታ፣ ዞር ብላ አየችኝ። እንዲያ ዓይነት አተያይ ከአማቴ ሌላ ማንም አይቶኝ አያውቅም።

ቤቴ እንደገባሁ ስልኬን ከፍቼ መድኃኒት ፍለጋ ጀመርኩ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ እንደኛው አየር ካላገኘ ጉልበት የለውም። አየሩ የሚገባበት አንድ የብረት ዕቃ አለ፤ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ በውስጡ ያለች ክብ ክዳን ትከፈትና አየር ታስገባለች። ትሮትል ቦዲ ይሉታል፤ እኛ ለጨዋታችን «ጉሮሮ» እንበለው። ታዲያ ጉሮሮው ከሰፋ አየር ይበዛል፤ አየር ከበዛ ጉልበት ይበዛል። አለቀ! ይቺን የምታህል ቀላል ነገር ሳላስባት እንዴት ኖርኩ?

አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ፋብሪካው ከገጠመላት የሚሰፋ ጉሮሮ ፈልጎ ላከልኝ። ባለቤቴ የሺ እሽጉን ስፈታ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አየር ማስገቢያ ነው።»

«ለምኑ?»

«ለመኪናዋ። ብዙ አየር እንድታገኝ።»

«አየር ልትገዛ ነው?» አለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ 'ኦ! አየራችሁ!' እያለ በነጻ የሚስበውን፣ አንተ ከሩቅ አገር በእሽግ ታስመጣለህ?»

መልስ ነበረኝ። ግን ሳይንስ ስለሆነ ተውኩት።

በማግስቱ ወዳጄ ጌጡ ጋ ወሰድኳት። ጌጡ መካኒክ ነው፤ ከእጁ ይልቅ ልቡ የሚፈጥን ሰው ነው። አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን አስጠጋ፣ ራሱን አከከ።

«ትንሽ ነገር አለ» አለኝ። «የዚህኛው አፍ ሰፊ ነው፤ ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ግን ጠባብ ነው።»

«ችግር አለው?»

«ምን ችግር አለው! ይለምደዋል።»

ብረት የሚለምድ ነገር መሆኑን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስፈልገው የነበረውን መልስ ነበር የመለሰልኝ። አየር እንዳያሾልክ በመሐል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ደግሞ ከብስኩት ካርቶን ቆርጦ ሠራልኝ። ብሎኖቹን አጥብቆ «በል አስነሣት!» አለኝ። አስነሣኋት።

ወይ ግሩም! ነዳጅ መስጫውን ገና ሳልነካው ጮኸች። ቆማ ሳለች እንኳ ው... ው... ውውውው... እያለች ድምፅዋ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። የጎረቤት ውሾች ሁሉ መልስ ሰጧት።

«ተነፈሰች!» አለ ጌጡ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ተነፈሰች!» አልኩ እኔም። ተቃቀፍን። ሁለት የማያውቁ ሰዎች ሲስማሙ ያለው ደስታ እኮ ሌላ ነው!

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ የኔና የውሾቹ ብቻ ነበር። ነገሩ የከፋው ታናሽ ወንድሜ ሞላ ሲመጣበት ነው። ሞላ ብርቱካን የምትባል የኩልመስክ አካባቢ ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። የቀረው አባቷ ነው። አባቷ አያ ጎበዜ ይባላሉ፤ ኃይለኛ ገበሬ፣ ቃላቸው የከበደ። ከዚህ በፊት ለልጃቸው የተላኩ ሽማግሌዎችን «ጫማቸው በዛ፣ ጉራቸው በዛ» ብለው ከደጅ የመለሱ ሰው ናቸው። ለሞላ የሚሄዱት ሽማግሌዎች የንስሐ አባታችን መምሬ ፈንታውና ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ናቸው፤ ሦስተኛው እኔ፣ የልጁ ታላቅ ወንድም።

«በኔ መኪና እንሄዳለን» አልኩ።

ሞላ ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድም ጋሼ፣ በእግዜር! ኩልመስክ ድረስ በሕዝብ መኪና ሂዱ፤ ከዚያ በእግራችሁ ውጡ።»

«መምሬ በዚህ ዕድሜያቸው በእግር? ደግሞ አሁን ዳገት አትፈራም እኮ፤ ጉሮሮዋን አስፍቼዋለሁ!»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለ ሞላ። አልሰማሁትም።

ማለዳ ተነሣን። መምሬን ከፊት አስቀመጥኳቸው። ጥምጥማቸው ከጣሪያው ጋር ስላልተስማማ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ መንገዱን ሙሉ ምስጢር የሚነግሩኝ መስለው ተጓዙ። ጋሽ ይመር ረጅም ሰው ናቸው፤ ከኋላ ለመግባት መጀመሪያ ራሳቸው፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው፣ በመጨረሻ ብሶታቸው ገባ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የተሠራው ለሰው ነው?» አሉኝ።

«የእሽቅድድም ናት፣ ጋሼ።»

«እኛ ከማን ጋር ነው የምንሽቀዳደመው?»

መንገድ ጀመርን። አሁን የሰፊ ጉሮሮን ጠባይ ላስረዳችሁ። ነዳጅ መስጫውን በአውራ ጣታችሁ ጫፍ ነካ ካላችሁት፣ መኪናዋ እንደ ተወጋ ወይፈን ትዘላለች። ስትለቁት ደግሞ ቀጥ! መሐል የሚባል ነገር የለም። ስትዘል ጋሽ ይመር ወደ ኋላ፣ ስትቆም መምሬ ወደ ፊት...

«በስመ አብ!» መምሬ ናቸው።

«ራሴን!» ጋሽ ይመር ናቸው።

በስመ አብ፣ ራሴን፤ በስመ አብ፣ ራሴን... እየተቀባበሉ ተራራውን ወጡልኝ። ፈጠነች ወይ ብትሉኝ... ጮኸች። ጩኸቷ ፈጠነ። እሷ ግን እንደ ድሮዋ ናት። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቅር ሲለኝ ታወቀኝ፤ ግን ሽማግሌ ጭኜ በመሐል መንገድ «ተሳስቻለሁ» ማለት አልሆነልኝም።

ኩልመስክን አልፈን ወደ አያ ጎበዜ መንደር ታጠፍን። ያሰብኩት ከቤታቸው ራቅ አድርጌ አቁሜ፣ ልብሳችንን አራግፈን፣ በትሕትና በእግራችን ልንቀርብ ነው። ከመንደሩ በፊት አንድ ጭንቅ የሆነች አጭር ዳገት አለች። ጉሮሮዋን በሙሉ አፏ ልሞክራት ብዬ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ዳገቷን ወጣናት። እግሬን አነሣሁ።

መኪናዋ ግን እግሬን ማንሣቴን አልሰማችም!

ለካ ያቺ ሰፊ ክዳን ሙሉ በሙሉ ስትከፈት፣ ጫፏ በጠባቡ ቀዳዳ ከንፈር ላይ ተሰክታ አልመለስም ብላለች። እኔ ይህን በዚያች ሰዓት በየት ልወቅ? ፊት ለፊታችን ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ የአያ ጎበዜ ግቢ፤ አጥሩ በአንድ በኩል ክፍት፣ ግቢው ውስጥ እንደ ጎጆ የቆመ የጭድ ክምር። ፍሬን ያዝኩ፤ እሷ ከኔ ጋር ትታገላለች። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ ሞተሩ ሰማይ የሚቀድ ጩኸት አሰማ። ደንግጬ ለቀቅኩት፤ ይባስ ተተኮሰች።

«አቁማት!» አሉ ጋሽ ይመር።

«እምቢ አለችኝ!»

«ማን ናት እምቢ ያለችው?» አሉ መምሬ፤ የመጣንበት ጉዳይ ገና ሳይነገር የተመለሰ መስሏቸው።

በአጥሩ ገባን። በአንዲት ላም ፊት አለፍን፤ ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ዓለም ሁሉ ቢጫ ሆነ... ጭድ ክምሩ ውስጥ ነበርን። ያን ጊዜ ነው ቁልፍ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ። አጠፋኋት። ጸጥ።

«ሁላችሁም አላችሁ?» አልኩ።

«አለን» አሉ መምሬ ከጥምጥማቸው ሥር። ማንም አልተጫረም። ግን በሮቹ በጭድ ታፍነው አልከፈት አሉ። ከውጭ የቀረው የመኪናዋ የኋላ በር ብቻ ነው። ከደጅ አንድ ከባድ ድምፅ መጣ።

«ማነው እዚያ ውስጥ ያለው?»

«የእግዜር እንግዶች ነን!» አሉ መምሬ።

«የእግዜር እንግዳ በበር ነው የሚመጣ!»

ጋሽ ይመር እንደምንም ወደ ኋላ ዞረው በሩን በእግራቸው ገፉት። ተከፈተ። መጀመሪያ የጋሽ ይመር እግር ወጣ፣ ለብዙ ጊዜም መውጣቱን ቀጠለ። መምሬን ከፊት ወንበር በወንበሮቹ መሐል አሳልፈን፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ጋሽ ይመር ከፊት እየሳቡ አወጣናቸው። እኔ በጉልበቴ ድሄ ወጣሁ። አያ ጎበዜ ዱላቸውን ተመርኩዘው አንድ በአንድ ሲቆጥሩን ነበር። ከኋላቸው ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም። የወንድሜን ትዳር በገዛ እግሬ ረግጬ እንደጨረስኩት ታየኝ።

ጋሽ ይመር ግን ትልቅ ሰው ናቸው። ጢማቸው ጭድ ለብሶ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙና እንደ ደንቡ ጀመሩ፦

«አያ ጎበዜ፣ ዝምድና ፈልገን ከደጅዎ መጥተናል...»

«ከኔ ጋር ነው ከከብቶቼ ጋር?» አሉ አያ ጎበዜ። «የገባችሁት ከእነሱ ማዕድ ነው!»

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ፤ አያ ጎበዜ ተሳለሙ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ይሄስ ማነው?»

«የልጁ ታላቅ ወንድም ነኝ» አልኩ።

«ልጁ ነው በዚህች ጉድ ሂዱ ብሎ የላካችሁ?»

«ኧረ የለም! እሱስ በእግራችሁ ሂዱ ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

አያ ጎበዜ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። «በእግር ሂዱ አለ?»

«በእግዜር ብሎ ለምኖኛል።»

«እንግዲያ ከቤታችሁ አእምሮ የደረሰው ለታናሹ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መምሬ መለሱ። «ግቡ። አሁን እንኳ በበር ግቡ።»

ውስጥ ገብተን በወጉ ተነጋገርን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሞላን አሞገሱ፤ ከኔ ጎን ሲቆም ደግሞ ለማሞገስ የማይከብድ ሰው ሆኗል። አያ ጎበዜ ሁሉንም ሰሙ፤ እሺም እምቢም ሳይሉ «መጀመሪያ ግቢዬን አጽዱልኝ» ብለው ተነሡ።

የእርሻ በሬዎቻቸውን ጠመዱ። የመጫኛውን ገመድ ከመኪናዋ ኋላ አሰርን። በሬዎቹ አንዴ ጎተት፣ ሁለቴ ጎተት... ቀይዋ ጉድ ጭድ ለብሳ፣ ክንፏ ተገንጥሎ፣ በኋላዋ ወጣች። አያ ጎበዜ ዞረው ዞረው አዩዋትና ጠየቁኝ፦

«እውነት ይሄን ሁሉ የምትጮኸው ጉልበት ኖሯት ነው?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሁሉ ውርደት ጠጥቼ እንኳ ኩራቴ አልሞተም ነበር። «ኧረ አያ ጎበዜ! ከመቶ ፈረስ በላይ ጉልበት አላት!» አልኩ።

«መቶ ፈረስ!»

«አዎን።»

በሬዎቻቸውን አዩ። መኪናዋን አዩ። የተበተነውን ክምር አዩ።

«መምሬ» አሉ፤ «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። ይሄንን ሰውዬ ግን አደራ፣ ጥፋተኛ አታድርጉት። መቶ ፈረስ ጭድ አይቶ ምን ያድርግ?»