አባት ሲያርም

የሰውን ልጅ ለማሞገስ ስስት አናውቅም። የጎረቤታችንን ልጅ «ሥርዓቷ፣ ጉብዝናዋ፣ አነጋገሯ» እያልን ስንደረድር ትንፋሽ አያጥረንም። ወደ ራሳችን ልጅ ስንመጣ ግን፣ ልጅቷ አጠገባችን ቁጭ ብላ እየሰማች፣ «ኧረ ምኑን አውቃ! ሰነፍ እኮ ናት» ብለን ሽምጥጥ አድርገን እንክዳለን። በልባችን ግን ከእሷ ወዲያ ጎበዝ የለም። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትሸሽጉኝ።

እኔ ይህን አመል ላስ ቬጋስ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ። አመል ኪሎ ስለሌለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማንም አልያዘብኝም።

ዘ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የእንግዳ መኪና አቆማለሁ፤ ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ የጠዋት ሺፍት ናት። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ሶልያና ዘንድሮ ቤት ውስጥ ስለምትማር፣ ጠዋት ጠዋት አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ብቻዬን ግን አይደለሁም። ከአንድ ትምህርት ቤት የተመደበችልን ሚስ ዶሎሬስ የምትባል መምህርት አለች። ፈተናውን እሷ ትፈትናለች፤ የቤት ሥራውን እኔ አርማለሁ። የሁለታችን ማርክ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ሶልያና የተበላሸውን የምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪዩማችንን ፈትታ ከገጠመችበት ቀን ጀምሮ ሕልሟ አንድ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሮቦት የሚሠራበት ክፍል መግባት። ለዚያ ደግሞ ሰማንያ ያስፈልጋታል።

ሚስ ዶሎሬስ ዘጠና አንድ ሰጠቻት። እኔ፣ አባቷ፣ ስልሳ አምስት።

ፍረዱብኝ፤ ግን መጀመሪያ ስሙኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ሳነሳ «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። መምህርቷ «ይሄ ሰውዬ ለልጁ አደላ» ብትለኝስ? ደግሞስ እኔን ያስተማሩኝ የሒሳብ መምህር «መቶ የእግዜር ነው፣ ዘጠና የኔ፤ ከዚያ በታች ያለውን እናንተ ተሻሙ» የሚሉ ሰው አልነበሩም? ከእሳቸው እጅ ወጥቶ ማርክ መለገስ ከየት ይመጣል!

አማካዩ ሰባ ስምንት ሆነ። ሶልያና ኮምፒውተሩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ዳዲ፣ ሲክስቲ ፋይቭ ሰጠሽኝ? ዋይ? ለምን?»

አዎ፣ «ሰጠሽኝ» ነው ያለችው። አማርኛዋን የለቀመችው እናቷ እሷን ከምታናግርበት ስለሆነ፣ ለእሷ ሰው ሁሉ «አንቺ» ነው። ስንት ጊዜ እንዳረምኳት እኔ ነኝ የማውቀው። አላለቀሰችም፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ነገሩን ሰማች። «ባዳ ዘጠና አንድ ሲሰጣት አባት ስልሳ አምስት?» አለችኝ።

ሚስ ዶሎሬስ ጋ ደወልኩና አስተካክይልኝ ብዬ ለመንኳት። «ያንተን ማርክ እኔ አልነካም፤ የኔንም አንተ አትነካም። ለሁለት የተከፈለው ለዚህ ነው» አለችኝ። «ግን መዝገቡ የሚዘጋው ዓርብ ነው። እስከዚያ ለቀነስከው ለእያንዳንዱ ነጥብ ምክንያቱን ጽፈህ ላክልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ አምስት ነጥብ። አሥራ አንዱ አላስቸገረኝም፤ ሶልያና የክፍልፋይ ሒሳብ ስትሠራ መሐሉን ዘልላ መልሱን ብቻ ትጽፋለች፣ አንድ የሳይንስ ጽሑፍም በጅምር ትታለች። አሥሩን የቀነስኩት ግን «አንቺ» ስላለችኝ ነው፤ ያውም ከሒሳብ ማርኳ ላይ! ስምንቱ እንዳትኮራ ነው። የቀረውን ስድስት «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። የትኛው ሰው? ቬጋስ ውስጥ የጎን ጎረቤቴን እንኳ የማውቀው በመኪናው ነው።

ያኔ ነው የራሴ ቋንቋ የታዘበኝ። እኛ «ማረም» የምንለው ለማሳም ለደብተርም ነው። ደህና አራሚ አረሙን ከሰብሉ ይለያል። እኔ ሆዬ ቡቃያውንም አብሬ ስነቅል ከርሜ፣ ባዶውን ማሳ እያየሁ በትሕትናዬ እኮራ ነበር። አፈርኩ።

አሥራ አንዱን ብቻ ጽፌ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ብዬ ላክሁ። አዎ፣ ከመምህርቷ በሁለት አንሼ። ይሉኝታ በአንድ ጠዋት ተነቅሎ አያልቅም ብላችሁ ሳቁብኝ፤ ምክንያቱ ግን በወረቀት ላይ አለ።

ሚስ ዶሎሬስ በዚያው ቀን መለሰች። «መሐሉን መዝለሏን እኔ በፈተናዬ አላየሁትም፤ እኔ የማየው መልሱን ብቻ ነው። ይህን ማየት የሚችለው አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው። አብረን እናስተካክለው።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳላደላም ሳልጨክንም አንድ የሚጠቅም ነገር ማየት እችል ኖሯል።

አማካዩ ዘጠና ሆነ። ሶልያናን ጠርቼ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ የሠረዝኩትን ሃያ አራት ነጥብ ሳይቀር ከነምክንያቱ አነበብኩላት። አሥሩ ላይ ስንደርስ ሳቀች። አሥራ አንዱ ላይ ግን «ኦኬ፣ ዛት ኢዝ ፌር» አለች። ከዚያ ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና አንገቴን አቀፈችው።

«ዳዲ፣ አንቺ በጣም ጎበዝ ነሽ።»

አላረምኳትም።