የመርከበኛው እናት ለቅሶ

ዓለም በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት በዚያ የወረርሽኝ ዘመን፣ በአንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ለሰው ልጅ የዋለው ውለታ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ሌላው ሲጨነቅና ዘመድ በስልክ ሲጠይቅ፣ ይህ ቤተሰብ ሶፋ ላይ ተጥዶ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ በኢንተርኔት ሲያይ ከረመ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ወገብ ይፈልጋል።

አባወራው የመምሪያ ኃላፊ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ የሚመራው ሰው አጣ። የመምራት አመል ደግሞ እንደ እከክ ነው፤ ካላከኩት እንቅልፍ አይሰጥም። ስለዚህ ሚስቱን፣ የሚስቱን ወንድምና ሴት ልጁን ሳሎን ሰበሰበና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንደሚታወቀው በአስቸጋሪ ወቅት ላይ እንገኛለን።»

«ሶፋ ላይ ነው የምንገኘው» አለ የሚስቱ ወንድም። ሾፌር ነው፤ መኪናው ከቆመች ወዲህ የሚነዳው አፉን ነው።

የመጀመሪያው መመሪያ የወጣው በኃላፊው እናት ላይ ነው። «በዕድሜ የገፉ ወገኖች ልዩ ጥበቃ ያሻቸዋል» ተባለና አሮጊቷ ኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው ክፍል እንዳትወጣ፣ ማንም እንዳይጠጋት ተወሰነ። ምግቧ በትሪ ተደርጎ፣ በመወልወያው እንጨት እየተገፋ የበሯ ደፍ ላይ ይደርሳል። በሽታውን እንኳ ይህን ያህል አልፈራችውም፤ እንጨቱን ግን ጠመደችው። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስትበላ ከበሩ ወዲያ ወንበር ስቦ የሚያጫውታት ሰው።

«ልጄ፣ እዚያው ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ፊትህን ልየውና እህሉ ይውረድልኝ።»

«እማዬ፣ የምንርቅሽ እኮ ስለምንወድሽ ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ጥላኝና ና!»

ኃላፊው በፍቅር ፈገግ አለና ሄደ። ድራማው ሊጀምር ነበር።

ድራማው ስለ አንድ መርከበኛ ነው። መርከበኛው ባሕር ላይ ነው፤ እናቱ መስኮት ላይ ናት። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያለች ዓይኗ ቀላ፤ እሱ ከወደብ ወደብ ይንሸራሸራል። ኃላፊው በዚህ ልጅ ክፉኛ ተቃጠለ።

«ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ብቅ ብሎ አያያትም እንዴ?»

«ልብ አልፈጠረበትም» አለች ሚስቱ ዕንባዋን እየጠረገች።

በዚህ መሐል ከኮሪደሩ ጫፍ ከዘራ ወለሉን ይደበድባል።

«ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለ ኃላፊው ለልጁ። «የእናትየዋ ሲቃ አልተሰማኝም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤት አያውቅም። ኃላፊው የፎቁ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነውና ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «በዚህ ፈታኝ ወቅት ድራማ ላይ ተጥዶ መዋል የአስተሳሰብ ድህነት ነው፤ እኔ በግሌ በንባብ ላይ ነኝ» ብሎ አስጨብጭቧል። አልዋሸም። ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈውን የትርጉም ጽሑፍ አንድ መስመር ሳያስቀር አንብቧል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የመርከበኛው እናት መስኮቷ ሥር ተደፍታ ሞተች። ቤቱ ተናወጠ። ሚስትየው እዬዬዋን አቀለጠችው። ኃላፊው ከሶፋው ተነሥቶ ደረቱን እየደቃ፣ «ወይኔ እናት! ብቻዋን ሞተች! ውኃ የሚያቀብላት አጥታ ሞተች!» ይላል።

ከሥር ያለችው ልብስ ሰፊ ሰማች። መቀሷን ጥላ ጎረቤቱን ጠራች፤ ሰዉ አፍንጫና አፉን ሸፍኖ፣ በየደረጃው አንድ አንድ ሆኖ እያለቀሰ ወጣ። ኃላፊው ዓይኑ እንደ ቀላ በሩን ከፈተ።

«እማማ ሞቱብን?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እውነቱን ይናገር? አንባቢ ነው እኮ!

«ከባድ ሐዘን ደርሶብናል» አለ።

«ማን ነበር አጠገባቸው?»

«ማንም» አለች ሚስትየው ሳታስበው። በዚያ ቤት ያን ሰሞን የተነገረ ትልቁ እውነት ይህ ነው።

«ምን አሉ ሲሞቱ?»

«መርከቡ መጣ ወይ አለች» አለ ሾፌሩ።

«የምን መርከብ?»

«ትኩሳት ነው፣ ትኩሳት!» አለ ኃላፊው በጥድፊያ።

ትኩሳት የሚለውን ሲሰማ ለቀስተኛው ሁሉ ሁለት ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወረደ። ሐዘኑ ግን ባለበት ቀጠለ። ይህ ሁሉ ሰው ተሰልፎ፣ ቀና ብሎ ሲያየው ኃላፊው የከረመበት የመምራት ጥማት ተነሣበት። መናገር ጀመረ።

«የተከበራችሁ የፎቃችን ነዋሪዎች! እናት ማለት ትልቅ ተቋም ናት። ይህች እናት ለቤተሰቧ ያበረከተችው አስተዋፅኦ በቃላት አይገለጽም። እኛም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከጎኗ ሳንለይ...»

«ከየትኛው ጎኔ ነው፣ ልጄ?»

ከዘራዋን ተመርኩዛ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ከኋላው ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ጮኻ የደረጃውን ብረት አቀፈች።

«እማዬ! ርቀትሽን ጠብቂ!» አለ ኃላፊው።

«ሞቼ የለ እንዴ? ሬሳ ምን ይይዘዋል?» ብላ ገፋ አድርጋው አለፈችና ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «አልቅሱ እንጂ፤ ምን አስቆማችሁ? ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ። እንዲህ መሰብሰባችሁን ባውቅ ቀደም ብዬ እሞት ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች ልብስ ሰፊዋ ነፍሷ ሲመለስ።

ኃላፊው ጣራ ጣራ አየ። ሾፌሩ ጫማውን መረመረ። የተናገረችው ልጅቷ ናት።

«የቴሌቪዥኑ ሴትዮ።»

ልብስ ሰፊዋ የፊት መሸፈኛዋን አስተካከለች። «በንባቡ ይበርቱ፣ ሰብሳቢ» ብላ ወረደች፤ ሌላውም ተከተላት። አሮጊቷ ደረጃው ባዶ እስኪሆን አየቻቸው።

ኃላፊው ግን ነገር የሚያልፍበት ሰው አይደለም። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። «የእናታችንን ብቸኝነት ከሥር መሠረቱ መቅረፍ አለብን!» አለ። ቴሌቪዥኑ ወደ እሷ ክፍል ይዛወር የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ሾፌሩ ነው። «እዚያ ብናለቅስ ደረጃው ድረስ አይሰማም» አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የርቀቱ መመሪያ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ፤ ሶፋው በኮሪደሩ እየተገፋ ገብቶ አልጋዋ ግርጌ፣ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ተደነቀረ።

እንግዲህ ብቻዋን ናት የሚል ካለ ሐሜተኛ ነው። ቤተሰቧ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቧ ነው። ትራሷን ደገፍ ብላ አሻግራ አየች፤ የልጇን ማጅራት አየች፤ የምራቷን፣ የሾፌሩን፣ የልጅ ልጇን ማጅራት በየተራ አየች።

«ልጄ» አለች፣ «የእውነቴን የሞትኩ ዕለት ታለቅስልኛለህ?»

«ኧረ እማዬ፣ እንዴት እንዲህ ትያለሽ!» አለ ኃላፊው ከልቡ አዝኖ፣ ሳይዞር። «ብቻ አሁን ትንሽ ዝም በይ። መርከበኛው ለእናቱ ቀብር ሊደርስ ነው።»