መጀመሪያ ክንፉ ይዙር

ኤሊው፦ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ?

ሊቁ፦ ክንፍ ጫማ አለው እንዴ?

ኤሊው፦ ካልሲስ?

ሊቁ፦ ካልሲም የለውም! ኧረ በናትህ አታድክመኝ! ክንፍ ነህ አልኩህ፤ በቃ ክንፍ ሁን!

[ሳሎን ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ሊቁ ባለ ጎማ ወንበር ላይ ጉብ ብሏል። ራሱ ላይ የፓስታ ማጥለያ ደፍቷል፤ በጉልበቶቹ መሀል የመወልወያ እንጨት አቁሟል። ሥራው መድኃኒት መሸጥ ነው፤ የማያውቀው ነገር ግን የለም፤ ጠይቁት ብቻ። ባትጠይቁትም ይነግራችኋል። ኤሊው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አውቶቡሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሚደርስ ይሄ ስም ወጣለት። ሊቁ ነገ ጠዋት ጋይሮፕሌን የማብረር ፈተና አለበት። ሁለት ጊዜ ወድቋል። ማሽኑን ግን ገና ድሮ ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቁሞታል። ሚስቱ ደግሞ «ሦስተኛ ከወደቅክ ያ ብረት ከግቢዬ ይወጣል» ብላለች፤ ሴትዮዋ ያለችውን ታደርጋለች። ሊቁ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ቀኑ ነው።]

ኤሊው፦ እሺ፣ ክንፍ ሆንኩ። አሁን ምን ላድርግ?

ሊቁ፦ ከኋላዬ ቁምና እጅህን ዘርጋ። መጀመሪያ ግን ትምህርት። ጋይሮፕሌን ምንድን ነው?

ኤሊው፦ ሄሊኮፕተር።

ሊቁ፦ [ማጥለያውን በቡጢ እየመታ] አይደለም! ስንቴ ልንገርህ? የሄሊኮፕተርን ክንፍ የሚያዞረው ሞተር ነው። የጋይሮፕሌን ሞተር ግን ከኋላ ሆኖ መግፋት ነው ሥራው። ላይኛውን ክንፍ የሚያዞረው ንፋስ ነው። ንፋስ! ገባህ?

ኤሊው፦ ገባኝ። መሬት ላይ ቆሞ ታዲያ ንፋሱን ከየት ያመጣዋል?

ሊቁ፦ ይሄ የቂል ጥያቄ ነው።

ኤሊው፦ እሺ። መልሱስ?

ሊቁ፦ መልሱማ... ሲጀመር ሞተሩ ክንፉን ትንሽ ያግዘዋል። ማዞሪያውን ትጫናለህ፣ ክንፉ ይዞራል፣ ትለቀዋለህ። ዘንጉን ወደ ራስህ ትስባለህ። ከዚያ እየተንደረደርክ ስትሄድ ንፋሱ ይቀበለዋል።

ኤሊው፦ ምን ያህል ሲዞር ነው የምትለቀው?

ሊቁ፦ ሲበቃው!

ኤሊው፦ ሲበቃው በምን ታውቃለህ?

ሊቁ፦ ዙሩን የሚቆጥር ሰዓት አለው፣ እሱን ታያለሃ! ክንፍ ደግሞ ጥያቄ አይጠይቅም!

ኤሊው፦ አንድ ብቻ። ሞተሩ ማን ነው?

ሊቁ፦ አንተ ነህ። ወንበሩን ትገፋለህ።

ኤሊው፦ ክንፉም እኔ፣ ሞተሩም እኔ። ጋሼ፣ አንተ ታዲያ ምን ትሠራለህ?

ሊቁ፦ እኔ አብራሪው ነኝ!

ኤሊው፦ ሁለት እጄን ዘርግቼ እየዞርኩ በምኔ ልግፋህ?

ሊቁ፦ [ይህን አላሰበበትም፤ እንዳላሰበበት ግን አይናገርም] ልፈትንህ ብዬ ነው። በእግሬ እየገፋሁ እሄዳለሁ፤ አንተ ከኋላዬ እየዞርክ ተከተል። ይሄ እንጨት ዘንጌ፣ ይሄ ሪሞት ነዳጅ መስጫዬ ነው።

[ሪሞቱን ተጫነ። ቴሌቪዥኑ በራ። አንድ ሰውዬ ስለ ሽንኩርት በሽታ ያወራል።]

ኤሊው፦ ጋሼ፣ ሞተሩ ስለ ሽንኩርት ያወራል።

ሊቁ፦ ሞተር ነው፤ የፈለገውን ያውራ! ማዞሪያውን ተጫንኩ! ዙር!

[ኤሊው መዞር ጀመረ፤ እንደ አውቶቡሱ ቀስ ብሎ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ግራ እጁ የሊቁን ማጥለያ ጠንግ አደረገው።]

ሊቁ፦ ራሴን መታኸኝ እኮ!

ኤሊው፦ ጎንበስ በላ።

ሊቁ፦ አብራሪ አይጎነብስም! በቃ፣ ተነሳን!

ኤሊው፦ ኧረ ጋሼ፣ ገና ሁለቴ ነው የዞርኩት! አልሞቀኝም!

ሊቁ፦ ፈታኝ ፊት እንዲህ ልንቀረፈፍ ነው? ዘንግ ወደ ኋላ! ነዳጅ እስከ መጨረሻ!

[የሽንኩርቱ ሰውዬ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ሊቁ ወለሉን በሁለት እግሩ እየገፋ ወደ ኮሪደሩ ተፈተለከ። ኤሊው ልድረስበት ብሎ ሮጠ፤ እየዞሩ መሮጥ ደግሞ የሰው ሥራ አይደለም። አንዱ እጁ ወደ ጣሪያ ወጣ፣ ሌላው ወለል ሊጠርግ ወረደ።]

ኤሊው፦ ጋሼ! አንዱ እጄ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል! መሬት ልመታ ነው!

ሊቁ፦ ነዳጅ ልጨምርልህ!

ኤሊው፦ ቀንስ! ነዳጁን ቀንስ፣ ዘንጉን ወደ ፊት ግፋው!

ሊቁ፦ ክንፍ አያዘኝም!

[ጨመረ። ኤሊው ተንገዳግዶ ከመደርደሪያው ጋር ተላተመ። መደርደሪያው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ነበር፤ የኤሊው እናት ለሊቁ ሚስት በሠርጓ ቀን የሰጧት። ወደቀና ተበተነ። ሊቁም ከነወንበሩ ሄዶ የኮሪደሩን ግድግዳ ሳመ። ሪሞቱ ከእጁ አምልጦ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ቤቱ ጭር አለ።]

ሊቁ፦ [ግንባሩን እያሸ] ማን ነው የሰበረው?

ኤሊው፦ እኛ ነና።

ሊቁ፦ እኛ ብሎ ነገር አላውቅም። ምን ነካው?

ኤሊው፦ እጄ።

ሊቁ፦ እጅህ ምንድን ነው?

ኤሊው፦ ክንፍ።

ሊቁ፦ ስለዚህ የሰበረው ክንፉ ነው! እህትህ ስትጠይቅ እንዲህ ነው የምንላት፦ ክንፉ። አብራሪ አይጠየቅም።

ኤሊው፦ እሺ። ክንፉ። አብራሪ አይጠየቅም። ይዤዋለሁ።

[ኤሊው ተንበርክኮ ስብርባሪውን ይለቅም ጀመር።]

ኤሊው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ሊቁ፦ እኔን ነው?

ኤሊው፦ ኧረ እኔ ስለ ማስቀመጫው ነው የማወራው።

[ጎንበስ ሲል ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ ሾልኮ ወደቀ። ሊቁ ቀድሞ አነሳው።]

ሊቁ፦ ይሄ ፎቶ ያንተ ነው?

ኤሊው፦ አዎ። ጥርሴን ታምሜ ነበር፤ ለዚህ ነው ጉንጬ ያበጠው።

ሊቁ፦ የአውቶቡስ ፈቃድህ ነዋ?

ኤሊው፦ የአውቶቡሱ ሌላኛው ኪሴ ውስጥ ነው።

ሊቁ፦ [እያነበበ፣ ድምፁ እየቀጠነ] የጋይሮፕሌን... አብራሪነት... ፈቃድ...

ኤሊው፦ ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልህ?

ሊቁ፦ መቼ?!

ኤሊው፦ ባለፈው ወር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተን የበረራ ትምህርት ቤቱ ላደርስ እመጣ የለ? አጥሩ ሥር ቆሜ ስጠብቅህ አስተማሪው አየኝና «ከምትቆም ግባና ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። «ከምትቀመጥ ሞክረው» አለኝ። ሞከርኩት።

ሊቁ፦ ስንት ጊዜ ወደቅክ?

ኤሊው፦ አልወደቅኩም። እንደ አውቶቡስ እኮ ነው፤ ሰው ተሳፍሮ ሳያልቅ አትነሳም። ይሄም ክንፉ በደንብ ሳይዞር አትሮጥበትም። እኔ ደግሞ መጠበቅ ይሆንልኛል።

ሊቁ፦ ይሄን ማን ያውቃል?

ኤሊው፦ እህቴ። «እንዳትነግረው፣ ቅስሙ ይሰበራል» አለችኝ።

ሊቁ፦ ሌላስ?

ኤሊው፦ ጎረቤቶችህ። በኔ አውቶቡስ የሚሳፈረው ሰውም ያውቃል።

ሊቁ፦ አውቶቡስ ሙሉ ሰው! ወይ ጉድ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው! [ድንገት ቀና ብሎ] ቆይ፣ ቆይ። ይህን ሁሉ እያወቅክ «ጫማዬን ላውልቅ ወይ» እያልክ ምን ቆርጦህ ዞርክልኝ?

ኤሊው፦ ነገ ብትወድቅ ማሽኑ ከግቢ ይወጣል። ከወጣ እኔስ በምን ልበር? ደግሞ ሁለቴም የወደቅከው ለምን እንደሆነ አይቻለሁ። ክንፉ ሳይዞር ነው የምትሮጠው። ልነግርህ ስሞክር «አንተ አውቶቡስህን ንዳ» ትለኛለህ። ክንፍ ሆኜ ብጮህ ይሰማኛል ብዬ ነው፣ ጋሼ። ሳዝንልህ ነው የከረምኩት።

[ሊቁ አፈረ። እንዲህ ካፈረ ስንት ዓመቱ ነው፤ እንዴት እንደሚታፈርም ረስቶታል። ማጥለያውን ከራሱ አወለቀና የኤሊው ራስ ላይ ደፋው።]

ሊቁ፦ ተቀመጥ።

ኤሊው፦ የት?

ሊቁ፦ ወንበሩ ላይ። ክንፉ እኔ ነኝ።

ኤሊው፦ እንደዚያ ከሆነ ጫማህን አውልቅ።

ሊቁ፦ [አወለቀ] ካልሲስ?

ኤሊው፦ ክንፍ ጥያቄ አይጠይቅም።

[ሊቁ እጁን ዘርግቶ ዞረ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ላይ ኤሊው ሆን ብሎ ወንበሩን በኃይል ገፋና በረረ።]

ሊቁ፦ ቆይ! ኧረ ቆይ አንተ ሰውዬ! ገና አልዞርኩም! ግራ እጄ ሄደች! ነዳጅ ቀንስ! ዘንግ ወደ ፊት! ወደ ፊት!

ኤሊው፦ [ወንበሩን አቁሞ] እህ?

ሊቁ፦ [እያለከለከ፣ ግድግዳ ተደግፎ] ምስኪን ክንፍ! ሁለት ፈተና ሙሉ እንዲህ ሳደርገው ነበር?

ኤሊው፦ ሁለት ፈተና ሙሉ።

ሊቁ፦ ሮጬበት ሮጬበት «አልነሳ አለ» እያልኩ ስሰድበው! ገባኝ። በሞቴ፣ አሁን ነው የገባኝ!

ኤሊው፦ በቃ፣ ነገ ታልፋለህ። አሁን በደንብ ዙር፤ እኔ እጠብቅሃለሁ።

[ሊቁ ዞረ። አምስት። አሥር። ደስ አለው፤ ልጅ ሆነ። አሥራ አምስት። ኮቱ ተነፋ፣ ክራቫቱ ከአንገቱ ተነስቶ አብሮት ዞረ። በዚህ መሀል የውጭው በር ተከፈተና ሚስቱ ገባች። መደርደሪያውን አየች። ወለሉን አየች። ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።]

ሚስት፦ የእናቴን ስጦታ ማን ነው የሰበረው?

[ሊቁ እጁን ሊሰበስብ ሞከረ። ክንፍ ግን አንዴ በደንብ ከዞረ ቶሎ አይቆምም።]

ኤሊው፦ [ማጥለያውን ራሱ ላይ አስተካክሎ] ክንፉ ነው፣ እህቴ። አብራሪ አይጠየቅም።