የበቅሎዋ አርባ አራት

ፈረንጅ ብረት ያበርራል፣ ሣጥን ያናግራል፤ ስም ማውጣት ግን አያውቅም። አትቆጡ፣ ማስረጃ አለኝ! እኛ አገር በአንድ ደብር ሰባት ገብረ ሥላሴ ቢኖር ማንም ግር አይለውም። አንዱ የአለሙ ልጅ ነው፣ አንዱ የወንዝ ማዶው፣ አንዱ ደግሞ ቀዩ። ፈረንጅ ግን አንድ ትራክተር ይሠራና “አርባ አራት” ይለዋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያንን ይተውና ሌላ ይሠራል፤ እሱንም “አርባ አራት” ይለዋል። ከዚያ በሰላም ይተኛል። መከራው የሚተርፈው ለእኔና ለአማቴ ነው።

እኔ ጎንደር ከተማ የማስተምር፣ እርፍ ጨብጬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ግን ጋዜጣው ሁሉ “ዘመናዊ እርሻ፣ ዘመናዊ እርሻ” ሲል ጊዜ አላስችል አለኝና፣ ኮላ ድባ የሚኖሩትን አማቴን አያ ታከለን ሁለት ጥማድ በሬያቸውን አሽጬ አንድ ያገለገለ ትራክተር አስገዛኋቸው።

“ምነው ልጄ” አሉኝ ያኔ፣ “በሬ ሲደክመው ይተኛል፣ ሲሞት ይበላል። ይሄ ሲሞት ምኑ ይበላል?”

“ብረት አይሞትም” አልኳቸው። አቤት አፌ…!

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ማሳው ገና ግማሹ ታርሶ፣ የማይሞተው ብረት ቀጥ አለ። ሹፌሩ ከሥሩ ተንፏቆ ወጣና “ፍሪሲዮኑ ተሰብሯል” አለን። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ክብ ብረት ማለቱ ነው። የደንቢያን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ፤ ሰኔ ከገባ እንኳን ትራክተር ዝንብም ይሰምጥበታል። በሬዎቹ ተሸጠዋል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ በሬውን የሚያውስ ጎረቤት የለም።

አያ ታከለ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “ዝናቡ ከቀደመህ አንተን ከሹፌሩ ጋር ጠምጄ አርሳለሁ” አሉኝ በእርጋታ። ሹፌሩ ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ ቀንበሩ እንዴት እንደሚጎረብጠኝ ከወዲሁ ታወቀኝ።

በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ በአዘዞ በኩል አድርጌ ጎንደር ፒያሳ ደረስኩ። የመለዋወጫ መደብሩ ሰው አቶ ስዩም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከባንኮኒው ጀርባ ቆመዋል።

“ቁጥሩ ስንት ነው?”

“አርባ አራት።”

ሰጡኝ። ይዤ ኮላ ድባ ወረድኩ። ሹፌሩ ቢያስገባው ሰፋ። ተመልሼ ወጣሁ።

“አርባ አራት አሮጌው ነው አዲሱ?” አሉኝ አሁን።

“ሁለት ነው እንዴ?”

“ሦስት ነው እንጂ። አሮጌው አለ፣ አዲሱ አለ፣ በመካከል ደግሞ ላዩ አዲሱን መስሎ ውስጡ ሌላ የሆነ አለ። ቁጥራቸው አንድ ነው።”

“የእኛ አሮጌ ነው።”

“አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ አርጅቶ ነው?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለተማሪዎቼም ጠይቄ አላውቅም። ቀለሙ የለቀቀ መሆኑን አስቤ “አሮጌው” አልኩ። ወረድኩ። ጠበበ። ሦስተኛ ስመለስ አቶ ስዩም መነጽራቸውን አውልቀው በትዕግሥት አዩኝ።

“መምህር፣ በአፍዎ ሁለቴ አሳስተውኛል። ወይ የተሰበረውን ያምጡና ላስተያየው፤ ወይ ደግሞ ሞተሩ ጎን ላይ የናስ ሰሌዳ አለ፣ እሱን ነቅለው ያምጡ። እዚያ ላይ የተመታው ረጅም ቁጥር የማንም ሞክሼ አይደለም። ጽፌ መጣሁ ቢሉኝ ግን አልሰማም።”

በረርኩ። “አያ ታከለ፣ የተሰበረው ብረት የት አለ?”

“ሸጋ ማጭድ ወጣው።”

“ማጭድ?”

“ቀጥቃጭ ዘንድ ሰደድኩት። ምነው፣ ብረት ይጣላል?” ያልታረሰ መሬት ላይ ምን ሊያጭዱ ነው ብዬ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

ወደ ትራክተሩ ሄጄ የሞተሩን ጎን ብዳብስ ሰሌዳ የለም፤ አራት ቀዳዳ ብቻ። ዞር ብዬ ሳያቸው፣ ጥላ ሥር ወደታሰረችው በቅሏቸው በአገጫቸው አመለከቱኝ። ግንባሯ ላይ፣ ከልጓሟ ጠፍር ጋር ተሰፍቶ፣ ናሱ ቦግ ብሎ ያበራል።

“እዚያ ብረት ላይ ሆኖ ማን ሊያየው ነው?” አሉ። “ለጥምቀት ታቦት አጅባ ስትወርድ ስንቱ ዞሮ አያት መሰለህ።”

“ይንቀሉልኝና ልውሰደው።”

“ጌጧን ገፍፌ? ለዚያውም ለአንተ? አንተ ይዘኸው ሄደህ የተመለሰ ነገር የለም፤ በሬዎቼ ምስክር ናቸው። በራሷ እግር ትሄዳለች።”

በማግስቱ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ዘመናዊ እርሻን ለማዳን ጎንደር ወጣን። ሰማዩ በጣና በኩል መጥቆር ጀምሯል። እኔ እሱን እያየሁ ድንጋይ ያደናቅፈኛል።

በቅሎዋ የመደብሩን ደጃፍ አልፋ አንገቷን ባንኮኒው ላይ አደረገች። አቶ ስዩም ሁለት ጊዜ አማተቡ፤ መነጽራቸውን ጠራርገው ግንባሯን ያነብቡ ጀመር። “ሰባት… ዘጠኝ…” ራሷን ነቀነቀች። “ስድስት ነው እንዴ?”

“ቁሚ ልጄ፣ እያነበቡሽ ነው” አሏት አማቴ።

ፒያሳ ሥራ ፈት ሞልቶታል፤ በሩ ላይ ሰው ተደራረበ። “ምን አጥታ ነው?” ሲል አንዱ ጠየቀ።

“ፍሪሲዮን።”

“እኔም የማትሄድ አህያ አለችኝ፤ ላምጣት?”

አቶ ስዩም ትልቁን መዝገብ ገልጠው፣ ከበቅሎ ወደ ወረቀት ከወረቀት ወደ በቅሎ ሲመላለሱ ቆዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። “መካከለኛው ነው! ላዩ አዲስ ውስጡ ሌላ የሆነው!”

ይዘነው ወረድን፤ ገባ። እንደ ጣት ቀለበት ልክክ አለ። ሹፌሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይወርድ አረሰ፤ የመጨረሻው ትልም ሲያልቅ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ ጭቃው ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። አማቴ መጀመሪያ ለበቅሎዋ ገብስ ሰጡ። ቀጥለው ወደ እኔ መጡና “ቀንበሩን መልሼ ሰቅየዋለሁ” አሉኝ። “ለዘንድሮ።”

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ፍለጋ ስሄድ አቶ ስዩም ምንም አይጠይቁኝም። መዝገባቸው ላይ በገዛ እጃቸው “አርባ አራት፣ የበቅሎዋ” ብለው ጽፈዋል። ፋብሪካው ያልሰጠውን የወላጅ ስም እኛ ሰጠነው ማለት ነው።

በቅሎን “አባትሽ ማን ነው?” ቢሏት “ፈረስ አጎቴ ነው” አለች ይባላል። የእኛ ትራክተር ግን ዘሩን አይደብቅም፤ የማን እንደሆነ ፒያሳ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ይነግራችኋል። እንግዲህ በቅሎ አትወልድም ያላችሁ ሁሉ… ኮላ ድባ ወርዳችሁ ልጇ ሲያርስ እዩት።