ስንቁን በቤቱ የበላ መንገደኛ

ተረትና ምሳሌያችን አንድ ችግር አለበት። ለሁሉም ነገር መልስ አለው፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው። «ልነሳ ነው» ስትሉት አንዱ ሽማግሌ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላችኋል። እሺ ብላችሁ ስትቀመጡ ደግሞ ያው ሽማግሌ፣ ያንኑ ምርኩዙን ተደግፎ፣ «ጀምበር ሳለ ሩጥ» ይላችኋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ይዞ መንገድ የወጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። በተለይ ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ፣ አገር ለመልቀቅ ትክክለኛው ጊዜ የትኛው እንደሆነ ከእናንተ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚሁ ነቀምት፣ ሦስት ክረምት ሙሉ «ዲንሳ ሊሄድ ነው» እየተባልኩ የኖርኩት እኔው ነኝ።

አናጢ ነኝ። መጋዝና መላጊያ መያዝ የተማርኩት በሚሲዮን ግቢ ነው። ሥራ አጥቼ አልነበረም፤ ቤት የሚሠራ ሰው በር ይፈልጋል፣ በር ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። ያጣሁት ስም ነው። በዚያን ጊዜ አናጢ የሠራውን በር እየከፈቱ እየዘጉ ሠሪውን ከበሩ ውጭ ማቆም ነውር አልነበረም። የአገረ ገዥው ግቢ ሲጠራኝ የምሠራው «ለክብር» ተብዬ ነው፤ ክብሩ የማን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን ትልቋ ልጄ ጫልቱ ከጨዋታ ተመልሳ፣ «አባ፣ የእንጨት ጠራቢ ልጅ ማለት ስድብ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። መልሴ ግን እኔን ራሴን አላሳመነኝም።

በዚያው ሰሞን ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪካዊ የቡና ነጋዴ የመጋዘኑን በር ስገጥምለት ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ዘመዱ ካርቱም ውስጥ ቤት እንደሚያሠራ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ቢያገኝ ዛሬውኑ እንደሚቀጥር ነገረኝ። እዚያ አገር አናጢ ሲያልፍ «ኡስታ» ብለው ነው የሚጠሩት፣ ጌታው ባለሙያ እንደ ማለት ነው አለኝ። ስለ ደመወዙ እንኳ አልጠየቅሁትም። ያቺ ቃል ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ልጆቼ የኡስታ ልጆች ይባሉ እንጂ ሌላው እዳው ገብስ ነው አልኩ።

እዳው ግን ገብስ አልነበረም። ወደ ካርቱም የሚሄደው መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ፣ ማለትም በክረምት ብቻ ነው። ከነቀምት ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ መኪና የሚያስኬደው በበጋ ብቻ ነው። ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል። በበጋ ወርደን ጋምቤላ እንዳንጠብቅ፣ አገሩ ቆላ ነው፣ ወባው ደግሞ ለደገኛ ልጅ አይራራም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ያንን መንገድ ሲያበጅ አናጢ አላማከረም።

የመጀመሪያው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ዝናቡን ቀድመን እንወጣለን ብለን ተነሳን። አገሬው ለመንገደኛ ስንቅ ሳያዋጣ አይሸኝም። የእኛ ሰዎች በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በቆሪ፣ በእንጨት ሳህን ማለት ነው፣ ሞልተው አመጡ። ጎረቤታችን እመት ዘነበች ደግሞ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው፣ ሁለት ልጆች ይዘው አባይን ተሻግረው የመጡ፣ ኦሮምኛውን በጎጃም ዜማ የሚናገሩ ሴት ናቸው። እሳቸው በሶና ዳቦ ቆሎ በአገልግል ይዘው መጡ። አገልግሉ ቆዳ የለበሰ፣ አባይን አብሯቸው የተሻገረ ነው። ኦቦ ቶለሳ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ እርጥብ ሣር ይዘው «ናጋን ዴማ፣ ናጋን ገላ» አሉን፤ በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው። አለቀስን፣ ተሳሳምን። ከዚያ ሦስተኛዋ ልጃችን ቦንቱ ከመኪናው ቀድማ ደረሰች። አራስ ይዞ መንገድ የለምና ስንቁን እቤታችን ቁጭ ብለን በላነው።

መብላቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ዕቃውን መመለስ ነው። ሰው በእኛ አገር የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመልስም። ባለቤቴ አያንቱ የምትሞላው ነገር ብታጣ አፈረች፤ እኔ የዋንዛ ቁራጭ አንስቼ በየቆሪው አንዳንድ ጭልፋ፣ በእመት ዘነበች አገልግል ውስጥ ደግሞ ደህና ማማሰያ ቀርጬ አስገባሁ። በሁለተኛው ክረምት እንደገና ስንቅ መጣ፣ እንደገና ተመረቅን፣ እንደገና አለቀስን። በነጋታው ጫልቱንና ታናሽ ወንድሟን ለሚን ኩፍኝ ያዛቸው። ይህኛው ቀልድ አልነበረም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሲያቃትቱ እያየሁ፣ ይህ መንገድ ላይ ቢደርስብን ኖሮ እያልኩ ስጸልይ ሰነበትኩ። እግዚአብሔር ማረልኝ። ስንቁን በላነው፤ ጭልፋ ቀረጽኩ። በሦስተኛው በእርግጥም መኪና ላይ ወጣን፣ የዲዴሳ ወንዝ ቁልቁለት ድረስም ሄድን። እዚያ ጭቃው መኪናውን እስከ ሆዱ ዋጠው። ከስንቁ ግማሹን ጭቃ ላይ፣ ግማሹን ተመልሰን እቤታችን በላነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚያ ሰፈር የኔን ጭልፋ ያልያዘ ቤት አልነበረም። ልጆች ሲያዩኝ «ሊሄድ ነው» እያሉ ይስቃሉ። እመት ዘነበች ግን አይስቁም፤ ምክር ይሰጣሉ። ትንሿ ጡት ትጣል፤ ትልቋ ትጠንክር፤ ለሚ ጥርሱን ይቀይር። አንዱ ልጅ ሲደርስ ሌላው እንደማይደርስ አስልቼ፣ ትክክለኛው ጊዜ የሚመጣው ሦስቱም ሲያገቡ እንደሆነ ገባኝ። እኔም ልቤ ወደ መቅረቱ አዘነበለ። የመሣሪያ ሳጥኔን ከፍቼ መጋዙን መልሼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

አያንቱ መጋዙን ተሰቅሎ አየችው። ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው የተናገረችው፤ በኦሮምኛ ነው እንጂ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው።

«አባ ጫልቱ፣ ይህን ወንዝ ለምን ነቀምት ተቀምጠን እንጠብቀዋለን?»

«የት እንጠብቀው ታዲያ?»

«ደምቢ ዶሎ። ደጋ ነው፣ ወባ የለም፣ ለጋምቤላም ቅርብ ነው። አሁን በደረቁ እንሂድ። እዚያም ቤት አለ፣ ቤት ካለ በር አለ፤ አንተ እየሠራህ ወንዙ ይሙላ። መርከቡ መጣ ሲባል በበቅሎ መውረድ ነው፤ ቆላው ላይ አናድርም ማለት ይቻላል። ነጋዴ ሱቁን ትቶ ይሄዳል። አንተ እጅህን ትተህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ መሄድን አንድ ትልቅ ቀን አድርጌው፣ ያንን ቀን ስፈልግ ኖሬያለሁ። ለካ መንገድ በቁራጭ በቁራጩ ይሄዳል። ልጆቹንስ ቢሆን ምን እስኪሆኑ ነው የምጠብቀው? እየሄዱም እኮ ያድጋሉ። መጋዙን ከተሰቀለበት አወረድኩት።

ሊሰናበት ሲሄድ እንደ እኔ የቀለለ ሰው የለም። ኦቦ ቶለሳ ሣሩን ለመቁረጥ እንኳ ከበርጩማቸው አልተነሱም፤ «ናጋን ገላ»፣ በሰላም ግቡ ብቻ ብለው «በሰላም ሂዱ»ን ትተውታል፤ እንደምመለስ እርግጠኛ ናቸዋ። እመት ዘነበች ደግሞ ሳጥኔ መኪና ላይ ሲጫን እያዩ «እሽ እሽ፣ ስትመለስ የጓዳየን በር ታስተካክልልኛለህ» አሉኝ። ጭኮ የለ፣ አገልግል የለ፣ ልቅሶ የለ። በእውነት የሄድን ዕለት ማንም አልሸኘንም። አያንቱ የጋገረችውን ቂጣ እየቆረስን ዲዴሳን በደረቅ መንገድ ተሻገርን።

ደምቢ ዶሎ በር የሚፈልግ አገር ሆኖ ተገኘ። በጋውን ሙሉ ሠራሁ። ፋሲካ አልፎ፣ መንገዱ ሊዘጋ ሲል፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጠይቆ ጠይቆ ቤታችን መጣና አንድ ትልቅ ጆንያ አወረደ። ቆሪዎቹ ሁሉ አሉ፤ ጭኮ እንደሞሉ። ከላይ የእመት ዘነበች አገልግል ተቀምጧል። ሾፌሩ የተላከውን መልእክት አንድም ሳያጓድል በጎጃም ዜማ አሰማን።

«እስተ ፋሲካ ትመለሳላችሁ ብለን ነበር። ስንቁን እንደ ልማዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ብሉት። ዕቃየን ግን ባዶውን እንዳትመልሱት።»

አያንቱ አገልግሉን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ። ባዶውን አትመልሱት ማለት ተመለሱ ማለት እንደሆነ ለአገራችን ሰው አይተረጎምለትም።

ክረምቱ ሲበረታ መርከቡ ደረሰ ተባለ፤ በበቅሎ ወረድን። ጋምቤላ ወደቡ ላይ ሙቀቱ ሲያፍነን፣ ለሚ እንደ ዲዴሳው መኪና መርከቡም ወደ ኋላ ይመለስ እንደሆነ ይጠይቀኛል። እኔ የመሣሪያ ሳጥኔን ተሸክሜ መሰላሉ ላይ ስወጣ፣ ከላይ የቆመ አንድ ሱዳናዊ መርከበኛ ሳጥኑን አየና እጁን ዘረጋልኝ። «ና፣ ኡስታ» አለኝ።

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ሦስት ዓመት እቤት ውስጥ ሲነገር ሰምታለች። ሳጥኑን መርከቡ ላይ ሳወርድ ከውስጡ መዶሻዬን አውጥታ ሰው ሁሉ እንዲያይላት በትከሻዋ ተሸከመችው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ በር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን የተከፈተልኝ በር ግን የለም።

የካርቱምን ኑሮ ለሌላ ቀን ልተወው። ጥሩ ነበር፤ ሠራን፣ ልጆቹ ተማሩ፣ የኡስታ ልጆች ተብለው አደጉ። ጊዜው ሲደርስ ተመለስን፤ መቼ እንደሚደርስ ደግሞ ማንንም አልጠየቅንም። ነቀምት እንደገባን መጀመሪያ የሄድነው እመት ዘነበች ቤት ነው። አርጅተዋል፤ የጓዳቸው በር አሁንም እንደተንጋደደ ነው። ጫልቱ፣ ከእሳቸው በቁመት በልጣ፣ የካርቱም ተምር እስከ አፉ የሞላውን አገልግል ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ከፈቱት። አንዲት ተምር አንስተው ቀስ ብለው አላመጡ፣ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ተፉ። ከዚያ እኔን፣ አያንቱን፣ ሦስቱን ልጆች በየተራ አዩን፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ድምፃቸው ግን ያው የጥንቱ ነው።

«እኔስ አይሄዱም ብየ ነበር» አሉ።

መሮዬን አውጥቼ በራቸውን ማስተካከል ጀመርኩ።