የክቡር አማካሪ ኪስ

በሩ ላይ መኪና አቁሞ ኮፈን የከፈተ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት እጁን ኪሱ የከተተ ሰው መጥቶ አጠገቡ ይቆማል። ማንም አልጠራውም። መፍቻ አይዝም፣ ዘይት አይነካም፣ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰው በሌለበት በረሃ መኪናህ ብትበላሽ እንኳ ይህ ሰው ከአንዱ ቁጥቋጦ ሥር ብቅ ብሎ «ባትሪውን አየኸው?» እንደሚልህ አልጠራጠርም።

የእኛ ሰፈሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥር ለአጥር ነን። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቄ መልስ ስላላገኘሁ ማዕረጉን እኔው ሰጠኋቸው። ክቡር አማካሪ። ንግግራቸው ሁሉ «እኔ ብሆን» ብሎ ነው የሚጀምረው። የውሃ ቧንቧዬ የፈነዳ ቀን እኔ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ እሳቸው ደረቁ ደረጃ ላይ ሆነው «እኔ ብሆን መጀመሪያ ዋናውን እዘጋ ነበር» አሉኝ። ዋናውን ፍለጋ እኮ ነው ውሃው ውስጥ የገባሁት። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ሚስማሩ የሚገባበትን ቦታ ከታች ሆነው በአገጫቸው ያሳዩታል፤ እጃቸው ከኪሳቸው አይወጣማ። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ ከሆነ ደግሞ ክሊኒክ ሄደው መርፌ ሲወጉ ነርሷን «እኔ ብሆን ትንሽ ወደ ግራ» ብለዋታል።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። የአባቴ ፒክአፕ ላይ ሲመጡብኝ ግን አልቻልኩም።

ፒክአፗ ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች። አባቴ ሲያሽከረክር አውራ ጣቱን ያሳርፍበት የነበረው የመሪዋ ቦታ ተፍቆ ጎድጉዷል፤ እኔም ስነዳት ጣቴን እዚያው ነው የማሳርፈው። ባለፈው ወር መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ወጣና ከሥር የሚሸከማት ብረት፣ ሻንሲዋ፣ ከኋላ ጎማዋ በላይ መሰንጠቁን ነገረኝ። እንዲበየድ ካሶኒዋ፣ ያ ከኋላ ያለው የጭነት ሳጥን፣ መውረድ አለበት። ታላቅ ወንድሜ ግቢው በዝገት ተሞላ እያለ ከተማረረ ቆይቷል። በያጁ እሁድ ከሰዓት ሲመጣ ካሶኒዋ ወርዳ ካልጠበቀችው፣ ሰኞ ብረት ሰብሳቢው ቆራርጦ ይወስዳታል ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ወንድሜ ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። ካሶኒዋን የያዟት ስምንት ቡሎኖች ናቸው። ነጭ ጋዝ ደፋሁባቸውና ከሥሯ ተንጋለልኩ። የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ሁለት የተወለወሉ ጫማዎች ጆሮዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«እኔ ብሆን ከኋላ ነበር የምጀምረው» አሉ ጫማዎቹ።

ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ከኋላ ጀመርኩ። እሳቸው ቢሆኑ አሁን ወደ ፊት ይመለሱ እንደነበር ነገሩኝ። ረፋድ ላይ በርጩማቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጥተው ተቀመጡ። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሆነ ያብራሩለታል፤ «አራት ፈትተናል»፣ ትንሽ ቆይቶ «ስድስት ፈትተናል»። ፈትተናል? እዚያ መኪና ሥር ስንት ሰው ነበርን? ሰባተኛው ቡሎን አልፈታ ብሎ ሲሽከረከር በግራ አሉኝ፣ በግራ አዞርኩ፤ በቀኝ አሉኝ፣ በቀኝ አዞርኩ፤ አናቱ ተቀንጥሶ ግንባሬ ላይ ወደቀ። «ያው ወጣልህ አይደል» አሉኝ።

ስምንተኛውን በብረት መጋዝ ቆርጬ ስጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ዓይኔ ዝገት ገብቶበት፣ ክንዴ ዝሎ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ልክ ያኔ ክቡር አማካሪ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ ብሆን» ሳይሉ፣ የነዳጅ መሙያው ቱቦ ከካሶኒዋ ጋር የታሰረ ነው፣ ፈትተኸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጆሮዬ ግን ጠዋት ነው የሞላው። መፍቻውን አሽቀንጥሬ ጥግ ያለውን የውሃ በርሜል መታሁት።

«ጋሼ፣ ይበቃል። ከግቢዬ ይውጡልኝ።»

አዩኝ። ከዚያ በርጩማቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። አልጸጸተኝም። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ።

እሁድ ከሰዓት ወንድሜ፣ በያጁ፣ ልብስ ሰፊውና እኔ አራቱን ማዕዘን ያዝን። ግቢው ጸጥ ብሏል። እንዲያውም በጣም ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የሚቆጥርልን ጠፋና አንዱ ቀድሞ አነሳ፣ አንዱ ዘገየ። ካሶኒዋ ዞር እያለች ወገባችን ድረስ ተነሳችና በአንድ በኩል ቀጥ አለች። በያጁ ጎንበስ ብሎ አየ። የመሙያው ቱቦ ይዟታል፤ ከሳብናት የታንኩ አንገት ይገነጠላል፤ ነዳጅ ከፈሰሰ ደግሞ እሱ ዛሬ እዚህ ግቢ እሳት እንደማያነሳ ነገረን። እንዳንለቃት ወደ ወንድሜ በኩል ዞራለች፣ እግሩ ላይ ነው የምታርፈው። የአራታችንም እጅ ተይዟል። በሰፈሩ ሁለት ሥራ ፈት እጅ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውን ደግሞ ትናንት አባርሬአቸዋለሁ።

«እኔ ብሆን» አለ ከአጥሩ በላይ አንድ ድምፅ።

ለካ በርጩማቸው ላይ ቆመው ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩን ነበር። ይህ ራሱ እንዴት እንዳናደደኝ።

«ይግቡ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

ገቡ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ። የእንጨት እጀታ ያላት፣ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰች ትንሽ ጠፍጣፋ መፍቻ ጨብጠዋል። የቱቦውን ማሰሪያ የምትፈታ ልኳ እሷው ናት። መፍቻዋን አየሁ፣ እሳቸውንም አየሁ።

«ትናንትም ይዣት ነበር» አሉ። «አልጠየቅከኝም።»

የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። የእሁድ ኮታቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ተንጋለሉና አራታችን በዛሉ ክንዶች ከያዝናት ብረት ሥር ገቡ። ፈራሁ። አንዳችንን ቢያዳልጠን ደረታቸው ላይ ነበረች። እሳቸው ግን ከሥር ሆነው ማሰሪያው እንዴት አጉል እንደታሰረ ያብራራሉ፣ የልብስ ሰፊውን አቋቋም ያርማሉ፣ እኔን ቀኝ እጅህን ከፍ ይሉኛል። ደሜ ይፈላል፣ አንድ ነገር እንዳይሆኑብኝም እለምናለሁ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ። በመጨረሻ ቱቦው ወለቀ። ኮታቸውን ሳያራግፉ ተነስተው «አንድ፣ ሁለት» ብለው ቆጠሩልንና ካሶኒዋ እንደ ትሪ ተነስታ ወረደች።

ስንጥቁ በዚያኑ ቀን ተበየደ። ሰኞ ብረት ሰብሳቢው ሲመጣ ወንድሜ ራሱ ከበር መለሰው። ከዚያ ገብቶ እኔን ሳያይ መሪዋን በጨርቅ ወለወለ።

ካሶኒዋን ለመመለስ ለቀጣዩ ቅዳሜ ተቀጣጠርን። ሰዎቹ መጡ፣ አዲሶቹ ቡሎኖች ተደረደሩ። የተወለወሉት ጫማዎች ግን የሉም። አንድ ሰዓት ያህል እፎይ አልኩ። ቀጥሎ መፍቻውን አስቀምጬ አጥሩን አየሁ፤ ከበላዩ ማንም የለም። ተናደድኩ። ሲፈለጉ መቅረታቸው ነው እንግዲህ። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

ባለቤታቸው ከፍተውልኝ በዓይናቸው ወደ ውስጥ አሳዩኝ። ክቡር አማካሪ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ በርጩማቸው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። ከማለዳ ጀምሮ እንደዚያ ናቸው አሉኝ ባለቤታቸው።

«አባረኸኝ የለ እንዴ» አሉ እሳቸው።

ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ነበር፣ አፌ ግን ሌላ አወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይመልሷት ነበር?»

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የኮታቸውን አዝራር ቆልፈው ተነሱ። ከበሩ ሳንወጣ ግን ቡሎኖቹን ማን እንደገዛቸው ጠየቁኝ፤ እሳቸው ቢሆኑ አንድ ቁጥር ከፍ ያሉትን ይገዙ ነበር። ደሜ እንደገና ፈላ። በርጩማውን የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ።