እረፍት የተፈረደባቸው እትዬ እናኑ

በጎጃም ምድር ግቢው የጸዳ፣ ጋኑ ውኃ የማይጎድልበት ደብር ካያችሁ፣ ምዕመኑ ትጉህ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። እዚያ ደብር ውስጥ ቁጭ ማለት የማይችሉ አንዲት ሴት አሉ ማለት ነው። ምዕመኑማ እንደ ሌላው ደብር ምዕመን ጥላ ሥር ነው።

የእኛዋ፣ የፍኖተ ሰላሟ፣ ክብርት ወይዘሮ እናኑ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ደብሩን ያገቡ ይመስላሉ። ቅጥሩን የሚጠርጉት እሳቸው፣ ለጸበልተኛው ውኃ የሚያመላልሱት እሳቸው፣ አስታማሚ ሳይኖረው ሆስፒታል ለተኛ ገበሬ አጥሚት የሚያደርሱት እሳቸው። ቀበሌው ሰውን ሁሉ አንድ ለአምስት ሲያደራጅ «እትዬ እናኑን ከማን ጋር እናድርጋቸው?» ተብሎ ብዙ ተመከረ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ «እሳቸው ብቻቸውን አምስት ናቸው፤ ተዋቸው» አሉ፤ ሊቀ መንበሩም ተስማማ።

ትንሽ ይረፉ ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እረፍትማ መቃብር ሙሉ አለ፤ ማን ይሻማኛል?»

አንድ ክረምት በጅጋ በኩል ላለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የጫነ መኪና ጭቃ ያዘው። ሹፌሩ መሬቱ እስኪደርቅ ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። አብረው የተሳፈሩት እትዬ እናኑ ግን ወደ መንገዱ ወጥተው ከገበያ የሚመለሱትን ጋሪዎች በየተራ ያስቆሙ ጀመር። ጋሪ ነጂው ጁማ፣

«እትዬ፣ እኔ እኮ እስላም ነኝ» አላቸው።

«ፈረሱስ?» አሉት።

ጁማ እየሳቀ ቆርቆሮውን ጫነ፤ ከዚያ ወዲህም እሳቸውን በመንገድ ሲያይ ሳይጠየቅ ይቆማል።

ልጃቸው ያምሮት ቡሬ ተድራ ትኖራለች። አንድ ጊዜ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች ብላ ዶሮ ሠርታ ጠበቀች። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እናት የለችም። ፈልጋ ፈልጋ ያገኘቻቸው የቡሬ ምዕመናን አጥር ለማጠር ድንጋይ ከሚያቀብሉበት ሰልፍ ውስጥ ነው። «እናቴ እኔን ልትጠይቅ መጥታ፣ የቡሬን ድንጋይ ጠይቃ ተመለሰች» ብላ ለእኔ ለጎረቤታቸው ነገረችኝ። አነጋገሯ ያስቃል፤ ፊቷ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም።

ያልጠበቅነው የደረሰው በግንቦት፣ በደብራችን ንግሥ ዕለት ነው። ታቦቱ ዞሮ ሊገባ ሲል እትዬ እናኑ በዚያ ፀሐይ ጀሪካን እንደ ተሸከሙ ተዝለፍልፈው ወደቁ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ በሽታ እንዳላገኘባቸው፣ ሰውነታቸው ግን ምግብና እንቅልፍ አጥቶ እንደ ተሟጠጠ ነገረን። ግሉኮስ ተሰካላቸው። ሻይ ላመጣላቸው ወጥቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። የግሉኮሱን ከረጢት በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛችውን በሽተኛ ያጎርሳሉ።

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወት ከኋላዬ ገብተው ይኼንኑ አዩ። በዕድሜ የእትዬ እናኑ ልጅ ቢሆኑ ነው። መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ወደ አልጋው መለሷቸው።

«እትዬ፣ ሥጋ ወደሙን ከተቀበሉ ስንት ዘመንዎ?»

«ጊዜ መቼ አገኘሁና አባቴ? እናንተ ስትቀድሱ እኔ ውኃ ላይ ነኝ።»

«ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆመው የሰሙትስ መቼ ነው?»

አባ ገብረ ሕይወት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ቀኖና እሰጥዎታለሁ። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ መጥረጊያና ጀሪካን እንዳይነኩ። ቅዳሴ ሳይገባ ገብተው፣ ሕዝቡ ሲሰናበት ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ። በማኅበሩ ቀን ተቀምጠው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። በመጨረሻው ይቆርባሉ።»

«ኧረ አባቴ፣ ስግደት ይዘዙልኝ። ሺሕም ቢሆን እሰግዳለሁ።»

«ስግደት ለሌላው ቀኖና ነው፤ ለእርስዎ ሽልማት ይሆንብኛል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ወንዳወቅ፣ አንተ ጎረቤት ነህ። ቀኖናቸውን ትጠብቃለህ።»

እንዲህ ሆኜ የእትዬ እናኑ የእረፍት ዘበኛ ተሾምኩ። እስር ቤት ብጠብቅ ይሻለኝ ነበር። ታሳሪ ቢያንስ በሩን እንጂ አቧራውን አያይም። እሳቸው ግን ቤተ መቅደስ ውስጥ ከሴቶች ወገን ቆመው በዓይናቸው ምንጣፍ ያራግፋሉ። ከውጭ ጀሪካን ሲጋጭ አንገታቸው ይዞራል፤ እኔም ከወንዶቹ ወገን ሆኜ አፈጣለሁ። አንድ ቀን ጎንበስ ብለው የሰም ፍርፋሪ ሲለቅሙ ያዝኳቸው። ስንወጣ ብወቅሳቸው፣ «መጥረጊያ አሉ እንጂ ጣት አላሉም» ብለው ተከራከሩኝ።

እኛም በበኩላችን አሳር አየን። እሳቸው ብቻቸውን ይሠሩት የነበረውን ለመከፋፈል ስብሰባ ተጠራ፤ ስብሰባው ራሱ ሌላ ስብሰባ ወለደ። ጋኑ ደረቀ። ቅጠሉ ተከመረ። ጸበልተኛው «ሴትዮዋ ሞቱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ቀስ በቀስ ግን አንዱ መጥረጊያ አነሳ፣ ሌላው ጀሪካን ያዘ።

ነገሩ የተለወጠው በሰኔ ማኅበር፣ ዓባይነሽ ቤት ነው። ዓባይነሽ ጸጥ ያለች የማኅበራችን ሴት ናት። እትዬ እናኑ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ሳህን ሊያነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ይቀመጡ፣ እትዬ።»

«ላግዝሽ እንጂ፣ እኅትዓለም። ምን አለበት?»

«ስንት ዓመት አገዙን። እኛም እኮ ነፍስ አለን። በረከቱን ብቻዎን ጠቅልለው ሲወስዱ ለእኛ ምን አስተረፉልን?»

እኔ ዘበኛው እንኳ የምገባበት ጠፋኝ። እትዬ እናኑ ሳህኑን አስቀምጠው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ባልሽ ዛሬ የት ሄደ?» አሏት።

«ከጓዳ ነው። ዓይኑ ከፈዘዘ ወዲህ ሰው ፊት መውጣት አይወድም።»

«መቼ ፈዘዘ?»

«ዓመት አለፈው፣ እትዬ።»

እትዬ እናኑ ዓመቱን ሙሉ ማኅበሩ ውስጥ ወጥ ሲያወጡ፣ ጠላ ሲቀዱ ኖረዋል። ይኼን ግን አልሰሙም። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ቀኖና ፈረሰ ብዬ ተከተልኳቸው፤ እሳቸው ግን ከሰውዬው አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ። እጃቸው ባዶ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ እናኑ እረፍትን የያዙት ድሮ ሥራን በያዙበት እልህ ነው። ማንም ደርሶ አይቀድማቸውም፤ ደወሉ ሳይደወል ቤተ መቅደስ ደጃፍ ናቸው። ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ አይቀሩም። ከሰዓት በኋላ እንዲተኙ ታዘዋልና ይተኛሉ፤ እንቅልፍ ባይመጣም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁታል። ሐምሌ ላይ ቡሬ ሄደው ያምሮት ዘንድ ሰነበቱ፤ ያምሮት ደውላ «እናቴ ቁጭ ብላ ዶሮ በላች፤ ምን ሆናለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ናቸው አልኳት።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ቆረቡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲወጡ ቅጥሩ ውስጥ ያለነው ሁሉ መንገድ ለቀቅንላቸው። በማግሥቱ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ ከወንጌሉ ወዲያ ያለውን ቅዳሴ አላውቀውም ነበር። ለካ ቤቱን ስጠርግ የኖርኩት ለዚያ ኖሯል።»

ቀኖናው ቢያልቅም አሁንም ይሠራሉ፤ ደወል እስኪደወል ብቻ። አንድ እሑድ በቅዳሴው መካከል አንዷ ገብታ ውኃ ማለቁን በጆሯቸው አንሾካሾከችላቸው። አየኋቸው፤ ዞር አላሉም። ፊታቸው ወደ መቅደሱ እንደ ሆነ ቆሙ። እኔ ዘበኝነቴን ተውኩና ወጥቼ ጀሪካኑን አነሳሁ።

ስመለስ ሕዝቡ ወጥቷል። እትዬ እናኑ ከዓባይነሽ ጋር ግንቡ ላይ ተቀምጠዋል። እጄ ቀልቶ፣ ሱሪዬ ርሶ አዩኝና ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝ። ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ደስ ይል ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሦስታችንም ምንም አልሠራንም።